አብረኸት ቤት ስትገዛ

ያልደረቀ ሲሚንቶ ሲሸተኝ እቀናለሁ። እንዲህ ብዬ ስጀምር ይቺ ሴትዮ አብዳለች ትሉ ይሆናል፤ በሉ፣ ግድ የለም። ሌላው ሰው አዲስ የተለሰነ ግድግዳ አጠገብ ሲያልፍ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን ቆም እልና ሆዴ ቅጥል ይላል። ባለፈው ወር ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሳባ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሠፈር ውስጥ ገና ያላለቀ ፎቅ ልታሳየኝ ይዛኝ ሄደች። ሻጯ፣ ጥፍሯን በቀይ የተቀባች ሳቂታ ወጣት፣ ለሁለታችንም ቢጫ ሄልሜት ሰጥታ በግንበኞቹ አሳንሰር ሰባተኛ ፎቅ ላይ አወጣችን። በሩን ከፈት ስታደርገው ያ ሽታ ፊቴን መታኝ። ሳባ ወደ መስኮቱ ሮጣ፣ «ማሚ፣ ነይ እዪ፣ የንጎንግ ኮረብታ እኮ ይታያል!» ትለኛለች፤ እኔ የበሩን መቃን ይዤ ቀርቻለሁ። የሠላሳ ዓመት ቅናት እንዲህ በአፍንጫ ተመልሶ ይገባል ብሎ ማን ያምናል?

ያኔ ኪሊማኒ ፎቅ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረበትም። ጊቢው ሁሉ ሰፊ፣ ቤቱ መሬት ላይ የተንጣለለ፣ አጥሩ በመቀስ የተከረከመ ቁጥቋጦ፣ በየበሩ ቆመጥ ይዞ የሚያንቀላፋ ዘበኛ። የጃካራንዳው አበባ ሲረግፍ መንገዱ ሐምራዊ ይሆንና እኛ ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረግነው እንዳያንሸራትተን ተደጋግፈን እንሄድ ነበር። እኛ የምላችሁ እኔና አብረኸት ነን። ከትልቁ ቤት ጀርባ ለቤት ሠራተኛ ተብላ የተሠራች አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፤ ናይሮቢ ውስጥ እንዲህ ያለችዋን «ኤስኪው» ይሏታል። ኪራይዋ ሁለት ሺ አምስት መቶ ሽልንግ፣ ለሁለት ስንካፈለው የሚከብድ አልነበረም። ሁለት የሽቦ አልጋ፣ አንድ የላምባ ምድጃ፣ አልጋችን ሥር ሁልጊዜ ዝግጁ የሆነ ሻንጣ። የአቮካዶው ዛፍ ቆርቆሯችን ላይ ፍሬውን ሲጥል ጥይት የተተኮሰ እየመሰለን ዘለን እንነሣ ነበር። በአምስት ሽልንግ ከምንገዛው አቮካዶ ይልቅ ያ በነፃ የሚወድቀው ይጣፍጠን ነበር። አሁን ያ ጊቢ ያለበት ቦታ ላይ አሥራ ስምንት ፎቅ ቆሟል፤ ዛፉን ማን እንደቆረጠው አላውቅም።

አብረኸት አሥመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ የካቶሊክ ደናግል ያስተማሯት፣ አማርኛዋ እንደ መጽሐፍ የጠራ ሴት ናት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጎትታ የምታስር፣ ሲበዛ ዝምተኛ። ዌስትላንድስ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። እኔ ደግሞ ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ አበባ ወደ አውሮፓ የሚጭን መጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ። እሷ ቢሮዋ ምንጣፍ ነበረው፤ እኔ ከማቀዝቀዣው ክፍል በሚወጣው ብርድ ሁለት ሹራብ ደርቤ ነበር ደብተር የምሞላው። ቅናቱ ከዚያ ጀምሮ ነው እንግዲህ፤ አልዋሽም። ደሞዝ በወጣ ቅዳሜ ሚቱምባ ገበያ፣ የልባሽ ጨርቅ ተራ፣ አብረን እንሄዳለን። እኔ ግማሽ ቀን ቁልሉን ሳገላብጥ ውዬ ቁልፉ የጎደለ ኮት ይዤ እወጣለሁ፤ እሷ አንድ ጊዜ እጇን ሰደድ አድርጋ የሐር ሸሚዝ ትመዛለች፤ ሃያ ሽልንግ! ደሞ ትከሻው ስፖንጅ ያለው፣ ያኔ ልክ የሚያሳብደን ዓይነት። ለብሳው ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ ገንዘብ ተቀባዩ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያፏጨውን ፉጨት ያቋርጥ ነበር። ማታቱው የኮንጎ ጊታር አምርሮ ያስጮኻል፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ እሷ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ሳንቲሟን ትቆጥራለች። እኔ ከኋላ ቆሜ፣ «ምን አባቷ ትኩራራለች» እላለሁ በልቤ። ጓደኛዬ ናት እኮ። እወዳታለሁ። ፍቅርና ቅናት አብረው እንደሚኖሩ ያወቅሁት ከእሷ ጋር ነው።

የናይሮቢ አበሾች ዕቁብ ነበረን፣ ሃያ ሰው፣ በወር ሦስት ሦስት ሺ። በወሩ የመጨረሻ እሑድ በአንድ ምግብ ቤት ጓሮ ዕጣ ይወጣል፤ የደረሰው ሁሉንም ምሳ ይጋብዛል። የእኔና የአብረኸት ዕጣ በተከታታይ ወር ወጣ። ስልሳ ሺ እኔ፣ ስልሳ ሺ እሷ። በሕይወታችን ያን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይዘን አናውቅም። ያን ሰሞን ከሠፈራችን ጫፍ አንድ ሽማግሌ የሥራ ተቋራጭ ሦስት ፎቅ ያለው ሕንፃ እያሠራ ነበር፤ እያንዳንዱን ቤት ሳያልቅ ለየብቻ ይሸጣል፣ መቶ ሃያ ሺ ቀብድ፣ የቀረው በየወሩ ለአምስት ዓመት። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አብረኸት እጄን ይዛ አስገባችኝ። ደረጃው መደገፊያ የለውም፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ግድግዳው ገና እርጥብ ነው። ያ ሽታ። አብረኸት መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ቆየች።

«አስቱ፣ እንግዛው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ቤቱን ነዋ! ሁለት መኝታ አለው። ግማሽ አንቺ፣ ግማሽ እኔ። ቀድማ ያገባችው ትወጣለች፣ ድርሻዋን ሌላዋ ትገዛታለች። አለቀ።»

ስንት ወር ስታስበው እንደቆየች ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ግን የዚያ ገንዘብ ሌላ ባለቤት ነበረው፤ አባቴ።

አባቴ አዲስ አበባ ሁለት ቤት ነበረው። አንዱ የምንኖርበት፣ ሌላው ከእሱ ዝቅ ብሎ፣ ሰፊ በረንዳና ሁለት ሰርቪስ ያለው፣ አከራይቶት እኛን የሚያስተምርበት። በልጅነቴ አንድ ቀን አዋጅ ወጣና «ትርፍ ቤት» የሚል ቃል ሰማሁ። አባቴ አንዱን እንዲመርጥ ተነገረው፤ የሌላውን ቁልፍ በእጁ ወስዶ አስረከበ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ኮቱን ለብሶ በዚያ ቤት ፊት ለፊት ያልፍ ነበር፤ አይገባም፣ አይናገርም፣ ያልፋል ብቻ። ቤት ሲመለስ እናቴን «ጣሪያውን አላደሱትም፣ እየዛገ ነው» ይላታል። ዘመኑ ሲለወጥ የተወሰዱ ቤቶች ይመለሳሉ የሚል ወሬ ተናፈሰ። እኛ ሠፈር ያልታመነ ወሬ አልነበረም። አባቴ መንገደኛ ባገኘ ቁጥር ደብዳቤ ይልክልኝ ጀመር። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ አግኝቷል፣ ሰውየው ውስጥ ሰው አለው፣ ፋይሉ ተነሥቷል፣ የቀረው ትንሽ ወጪ ነው። የአባቴ እጅ ጽሑፍ ወትሮ ቁልቁል የሚወርድ ነበር፤ በእነዚያ ደብዳቤዎች ላይ ግን ቀጥ ብሏል።

እንግዲህ ፍረዱ። ከእኛ ወገን በዚያ ዘመን ይህን ስሕተት ያልሠራ ጥቂት ነው። በእጃችን ያለውን ጥሬ ገንዘብ አንሥተን፣ የተወሰደብንን ቤት ለማስመለስ ላክን፤ በዓይናችን የምናየውን፣ በእጃችን የምንዳስሰውን ቤት «የሰው አገር ግድግዳ» ብለን ትተን። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ እንኳ አልተውኩትም። በዚያ እርጥብ ክፍል መሐል ቆሜ፣ አገጬን ቀና አድርጌ፣ «እኔ አገሬ ቤት አለኝ አብረኸት፤ የአባቴ ቤት ሊመለስልን ነው። እዚህ መንገደኛ ነኝ። የሰው አገር ግድግዳ ምን ያደርግልኛል?» አልኳት። ተናግሬ ሳልጨርስ ደስ አለኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ እሷ የሌላት እኔ ያለኝ ነገር ተገኘ።

መዳፏን ከግድግዳው ላይ አነሣች። «መልካም» አለች። «እኔ የሚመለስልኝ ቤት የለኝም። ስለዚህ መግዛት አለብኝ።»

ገዛችው። እንዴት እንደገዛችው ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። የአንገት ሐብሏን ሸጠች። ከዌስትላንድስ እስከ ኪሊማኒ በእግሯ መሄድ ጀመረች፣ አሥር ሽልንግ ለማትረፍ። ማታ ማታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ ትታይፕ ነበር፣ በገጽ ይህን ያህል ተብሎ። ዓመት ከመንፈቅ ስጋ አልበላችም፤ ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎና ጎመን፣ ጎመንና ኡጋሊ። ቀብዱን ከመክፈሏ በፊት ደግሞ ሦስት ጊዜ ከሥራ አስፈቅዳ የመሬት መዝገብ ቤት ሄዳ ተሰልፋለች። የመሬቱ ባለቤት በእርግጥ ሽማግሌው መሆኑን፣ ዕዳ እንደሌለበት፣ ክርክር እንደሌለበት ካላየሁ አልከፍልም ብላ። እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ካሴት እያዳመጥኩ፣ «ሰውየውን እኮ ልታገቢው አይደለም፣ ዘሩን ምን ያስቆጥርሻል?» እያልኩ አሾፍባት ነበር። ትስቃለች፣ ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ውኃ ውስጥ ትነክራለች።

ቤቱ ሲያልቅ ገባችበት። እኔም ገባሁ፤ ተከራይ ሆኜ። «ብቻሽን የት ትቀሪያለሽ» ብላ ትንሿን መኝታ በርካሽ ሰጠችኝ። ልመርቃት ሲገባኝ በየወሩ መጀመሪያ የኪራዩን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ አንጀቴ ያርር ነበር። አንድ ቀን የአባቴን ፎቶ ልሰቅል ሚስማርና መዶሻ ይዤ ተነሣሁ። አብረኸት ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ «አስቱዬ፣ እዚያ ጋ አትምቺው፣ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ ነገ የሚበሳ ሰው እጠራለሁ» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው የተናገረችው። ድምፅዋ እንኳ ከፍ አላለም። እኔ ግን ክፍሌን ዘግቼ አለቀስኩ። ግማሹ ግድግዳ የእኔ ሊሆን ይችል ነበር፤ የፈለግሁትን ያህል ሚስማር እመታበት ነበር። በማግስቱ ፎቶው ተሰቀለ፣ አማረ፤ ዓመት ሙሉ ግን ቀና ብዬ ሳየው ያቺ ሚስማር ትታየኝ ነበር።

የአባቴ ነገርስ? ጉዳይ አስፈጻሚው ሁለት ዓመት «ፋይሉ ተንቀሳቅሷል» ሲል ኖሮ፣ ጠፋ። አባቴ ሳይሰማ አረፈ፤ እግዜር ይመስገን፣ ፋይሉ እየተንቀሳቀሰለት ነው የሞተው። ቤቱን በኋላ መንገድ በላው፤ አሁን እዚያ ላይ መኪና ይነዳል። በስልሳ ሺ ሽልንግ ለአባቴ የሁለት ዓመት ተስፋ ገዛሁለት እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ አንዳንድ ቀን እውነት ይመስለኛል። አብረኸት ግን በአምስት ዓመቱ ዕዳዋን ጨርሳ፣ በዚያ ቤት ኪራይ ኢምባካሲ ሌላ ገዛች፤ ለአየር መንገድ ሠራተኞች አከራየችው። ከዚያ ሦስተኛ። እኔ አገባሁ፣ ሳባን ወለድኩ፣ ባለቤቴ ሾፌር ነበር፣ ደግ ሰው፣ ከስምንት ዓመት በፊት አረፈ። በዚህ ሁሉ ዘመን አሥራ አንድ አከራይ ቀይሬአለሁ። በየቤቱ ስገባ መጋረጃ እሰፋለሁ፣ ስወጣ መጋረጃው ለሚቀጥለው መስኮት አይበቃም። አብረኸት አላገባችም፣ አልወለደችም። ይሄንን እያሰብኩ «እኔ ቢያንስ ልጅ አለኝ» የምልበት ጊዜ ነበር። ደግ ሐሳብ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ብዙ ዓመት ተደግፌበት ኖሬአለሁ።

እሱንም አላስቀረችልኝም፤ ወይም እኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ሳባ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዌስትላንድስ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። አማርኛና እንግሊዝኛዋን ከስዋሂሊ ጋር እንደ ሰላጣ ቀላቅላ ነው የምታወራው። ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ «ጂም ነኝ ማሚ» ስትለኝ ቆይታ አንድ ቀን በአፏ አመለጣት። ለካ ጂም የለም፤ ከአብረኸት ጋር ቤት እየዞሩ ነው! አብረኸት ጉልበቷን እያመማት፣ ምርኩዝ ይዛ፣ ልጄን ከፎቅ ፎቅ ታዞራታለች፤ ውኃው ከየት ይመጣል፣ የጥበቃው ወርኃዊ ስንት ነው፣ ተከራይ ቶሎ ይገኛል ወይ እያለች ታስተምራታለች። ዓይኔ ደም ለበሰ።

«እናትሽ ሞታለች?» አልኳት።

«ማሚ፣ ሲሪየስሊ? አንቺ እኮ ቤት የሚባል ነገር ሲነሣ ትቆጫለሽ። ‹የሰው አገር› ትያለሽ። እኔ የሰው አገር አይደለሁም እዚህ፤ እዚሁ ነው የተወለድኩት። ሬንት ስከፍል ኖሬ እንደ...» ብላ ቆመች።

«እንደ እኔ?»

ቀስ ብላ፣ «አንቲ አብረኸት አንድ ጊዜ እንኳ ስለ አንቺ ክፉ ብላ አታውቅም» አለችኝ። እሱ ደግሞ ባሰብኝ።

ስለዚህ አብረኸት ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና አልጋ ላይ በዋለችበት ሰሞን ሳባ «ማሚ፣ ቅዳሜ አብረሽኝ ነይ» ስትለኝ ሠርግ የተጠራሁ ያህል ነው የለበስኩት። በዚያ ባልደረቀ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሽታው ካለፈልኝ በኋላ እንደ አዋቂ ሆንኩ። ቧንቧ ከፈትኩ፣ ሰድሩን በጣቴ አንኳኳሁ፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ ጠየቅሁ። ሳባ ዓይን ዓይኔን ታያለች። «እንዴት ነው?» አለችኝ። ከአብረኸት በፊት፣ ያለ አብረኸት፣ እኔን ጠየቀችኝ! «ግዢው» አልኳት። «ምን ትጠብቂያለሽ? እንዲህ ያለ ቤት ነገ አይገኝም።» ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ዌስትላንድስ በሻጮቹ ቢሮ ቀብዱን ልትከፍል ተቀጣጠሩ፤ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺ ሽልንግ። ሥራ ከጀመረች ጀምሮ ያጠራቀመችው ይኸው ነው፣ ሌላ የላትም።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። አብረኸት ናት።

«አስቱ፣ ሳባ ባለፈው ሳምንት፣ ገና ሳታዩት፣ የቤቱን ወረቀት ፎቶ ልካልኝ ነበር። የመሬቱን ቁጥር ለጠበቃዬ ሰጥቼ አስመረመርኩት። መሬቱ በባንክ ዕዳ ተይዟል። የባለመሬቱ ወራሾችም ከስሰው እግድ አስወጥተውበታል። ከከፈለች ገንዘቧ ወጥቶ ቀረ። እንዳትከፍል።»

«ታዲያ ለምን ለራሷ አልነገርሻትም?» አልኳት፤ ድምፄ እንደ ጥፊ ነበር።

«አንቺ ብትነግሪያት ይሻላል ብዬ ነው። ወረቀቱን ልኬልሻለሁ» አለችና ዘጋች።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ እጄ እምቢ እያለኝ ነው። አላመንኳትም። «እኔ የመረጥኩት ስለሆነ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ባዶ ቤት ውስጥ። አንድ ቤት እንኳ ልጄ በእኔ ቃል ልትገዛ ቢሆን፣ አልጋ ላይ ሆና እጇን ሰዳ ልታፈርሰው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ሻይ ጣድኩ። ቀሚስ ተኮስኩ፣ የተተኮሰውን መልሼ ተኮስኩ። ሳባ ከከፈለች በኋላ ብነግራት ምን ይመጣል የሚል ሐሳብ ጭምር መጣብኝ። ከራሴ ልጅ ገንዘብና ከቅናቴ መሐል ቆሜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ የመረጥኩት ቅናቴን ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ስልኩን የከፈትኩት ውሸቷን ላጋልጥ ብዬ ነው። ሠላሳ ዓመት ደብተር የሞላሁ ሴት ነኝ፤ ሌላው ቢቀር ወረቀት ማንበብ አይሳነኝም። መነጽሬን አደረግሁ። የመሬቱ ቁጥር፣ ማኅተሙ፣ ባንኩ ያስመዘገበው ዕዳ፣ ከሥሩ የፍርድ ቤቱ እግድ። መስመር በመስመር ሁሉም አለ። ሳባ ጋ ደወልኩ፣ ስልኳ አይነሣም። እንደገና፣ እንደገና። ሦስት ሰዓት አልፏል፤ እኔ ኢምባካሲ ነኝ፣ እሷ ዌስትላንድስ ናት፣ መንገዱ በመኪና ተጠቅጥቋል። በስልሳ ሁለት ዓመቴ፣ በተተኮሰ ቀሚስ፣ ሞተር ሳይክል ላይ ወጣሁ። የቦዳ ቦዳው ሰውዬ «ማማ፣ ጥብቅ አድርገሽ ያዢ» ብሎ በመኪኖቹ መሐል ሲሾልክ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ፤ የማላውቀውንም ጨመርኩበት።

ስደርስ ሳባ በመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። ባለ ቀይ ጥፍሯ ሻጭ ከጎኗ ናት፣ ሳባ ስልኳን ይዛ የባንኩን ቁጥር እየጻፈች ነው። «ሳባ! ተይው! እንዳትልኪ!» ብዬ ገባሁ። የጸጉር ማሰሪያዬ መንገድ ላይ ወድቋል፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ስልኬ ላይ ያለውን ወረቀት ከፍቼ ፊቷ አቀረብኩላት። አነበበችው። ሻጯ የሆነ ነገር ማስረዳት ጀመረች፣ ሳባ እጇን አንሥታ አስቆመቻትና እንደገና አነበበችው።

«ማሚ... ይህን ከየት አመጣሽው?»

ልክ እዚያ ላይ የአብረኸትን ስም መጥራት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። «እኔ ነኝ ያስመረመርኩት» አልኩ።

ሳባ ዘልላ አቀፈችኝ፣ አለቀሰች። «ማሚ፣ ስድስት ዓመቴን ነው ያዳንሽው! እኔ እኮ ስለዚህ ነገር ምንም አታውቅም እያልኩ... ሶሪ ማሚ፣ በጣም ሶሪ።» ፀጉሬን እየደባበሰች ታለቅሳለች። እንደዚያ አቅፋኝ አታውቅም። ከዚያ ስልኳን አንሥታ አብረኸት ጋ ደወለች፤ እንድሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ። «አንቲ፣ ኢማጂን! መሬቱ ዕዳ አለበት! ማሚ በራሷ አስመርምራ ደረሰችልኝ፣ ልከፍል ስልኩን ይዤ እኮ ነው!»

አሁን ትናገራለች አልኩ፤ መብቷ ነው፣ ትናገር።

«እናትሽ ድሮም ወረቀት ላይ አትሸወድም» አለች አብረኸት፣ በዚያ በጠራ አማርኛዋ። «እኔ አልጋ ላይ ሆኜ አላሰብኩትም ነበር። እሰይ፣ የእኔ ጎበዝ። ከእንግዲህ ቤት ስታዪ እሷን ይዘሻት ሂጂ።»

ብዙ ነገር ቀንቼባታለሁ፤ በሸሚዟ፣ በቁመቷ፣ በሦስት ቤቷ። ያን ጊዜ የቀናሁትን ያህል ግን በሕይወቴ ቀንቼ አላውቅም። የእጇን ሥራ ከአልጋዋ ሆና አንሥታ ሰጠችኝ፣ ድምፅዋ ቅንጣት ሳይንቀጠቀጥ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አላደርገውም ነበር። ይህንን ማወቅ ነው ያቃጠለኝ።

ወር ሆነው። ሳባ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ስታይ እኔን ትወስዳለች፤ በጓደኞቿ ፊት «ማዘሬ ኤክስፐርት ናት» ትላለች። አብረኸት ልጠይቃት ስሄድ ስለዚያ ቀን አታነሣም። እኔም አላነሣሁም። ይህን የምጽፈው በአማርኛ ነው፣ ሳባ ደግሞ አማርኛ ትናገራለች እንጂ ማንበብ አትችልም፤ ፊደል ላስተምራት ስል ሁልጊዜ ከሥራ ደክሞኝ ነበር የምመጣው። አብረኸት ግን ታነባለች። አንድ ቀን በእጇ ይገባል፣ እስከ መጨረሻው ታነበዋለች፣ ለሳባ ግን ትንፍሽ አትልም። አውቃታለሁ፣ ይዛው ትሞታለች። ስለዚህ ቅዳሜ ሳባ ስትመጣ ከጎኔ አስቀምጬ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ራሴ አነብላታለሁ። ይቺን አንዲቷን እንኳ አብረኸት አትቀድመኝም።